የሽያጭ ታክስ በአሜሪካ፦ ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ሱቅ፣ ሬስቶራንት ወይም የኦንላይን ንግድ የሚከፍት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው የታክስ ግዴታ የሽያጭ ታክስ ነው። የገቢ ግብር ትርፍ እስኪገኝ ድረስ ይጠብቃል፤ የሽያጭ ታክስ ግን ንግዱ ቢያተርፍም ቢከስርም ከመጀመሪያው ደረሰኝ ጀምሮ ይቆጥራል። ከፋዩ ገዢው፣ ሰብሳቢው ነጋዴው፣ የገንዘቡ ባለቤት ደግሞ ስቴቱና የአካባቢው አስተዳደር ናቸው። የብዙ ስቴቶች ሕግ ነጋዴው የሰበሰበውን ታክስ በአደራ እንደያዘው የመንግሥት ገንዘብ ስለሚቆጥረው፣ ገንዘቡ ካሽ ሬጅስተር ውስጥ ከሽያጩ ጋር ተቀላቅሎ ቢያድርም ለአንድ ሌሊት እንኳ የነጋዴው ንብረት ሆኖ አያውቅም። እኔ እንደማምነው አነስተኛ ነጋዴን ከባድ ዕዳ ውስጥ የሚከቱት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የአደራውን ገንዘብ ለኪራይ፣ ለደመወዝና ለዕቃ መግዣ ማዋል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ታክስ ያልተከፈለበትን ሽያጭ በወረቀት ማስረዳት አለመቻል ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሲያነቡ እነዚህን ሁለቱን ከፊትዎ ያስቀምጧቸው።

አንደኛ፦ ግዴታው በየትኛው ስቴት እንዳለብዎ ይለዩ

አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ የሽያጭ ታክስ የላትም። ስለዚህ የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የለበትም፤ ለአይአርኤስ የሚከፈለውን በወቅቱ መክፈልም የስቴቱን ዕዳ አያቃልልም። ታክሱን የሚጥሉት 45 ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ናቸው። አላስካ፣ ዴላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሻየርና ኦሬጎን በስቴት ደረጃ የሽያጭ ታክስ የላቸውም፤ ይሁን እንጂ በአላስካ ብዙ ከተሞች የራሳቸውን ታክስ ስለሚጥሉ ስቴቱ ነፃ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

አንድ ስቴት ታክስ እንዲሰበስቡ ሊያስገድድዎ የሚችለው ኔክሰስ የሚባለው በሕግ የታወቀ ግንኙነት ከስቴቱ ጋር ሲኖርዎ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ግንኙነት በአካል መገኘት ነው፤ ሱቅ፣ ቢሮ፣ መጋዘን፣ ሠራተኛ ወይም የተከማቸ ዕቃ ያለዎት ስቴት ሁሉ ግዴታ ሊጥልብዎ ይችላል። ዕቃቸውን በአማዞን መጋዘኖች አስቀምጠው የሚሸጡ ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ምክንያቱም አማዞን ዕቃውን ወደ ሌላ ስቴት መጋዘን ሲያዛውረው ነጋዴው እግሩ ባልረገጠበት ስቴት ንብረት ያለው ሰው ይሆናል።

ሁለተኛው ዓይነት ግንኙነት በሽያጭ መጠን የሚወሰን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 በክዊል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት በአካል የማይገኝ ነጋዴ ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም ነበር። ይኸው ፍርድ ቤት በፈረንጆች ሰኔ 2018 በሳውዝ ዳኮታና ዌይፌር በተባለው የኦንላይን ሻጭ መካከል በነበረው ክርክር ያንን ውሳኔ ሻረው። በክርክሩ የታየው የሳውዝ ዳኮታ ሕግ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የሸጠ ወይም 200 ሽያጭና ከዚያ በላይ ያከናወነ የውጭ ነጋዴ ታክስ እንዲሰበስብ ያዝዝ ነበር፤ ሌሎች ስቴቶችም ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። በብዙዎቹ ወሰኑ 100,000 ዶላር ሲሆን በካሊፎርኒያና በቴክሳስ 500,000 ዶላር ነው፤ ኒው ዮርክ ደግሞ ከ500,000 ዶላር በላይ ሽያጭና ከ100 በላይ ግብይት ሁለቱም እንዲሟሉ ትጠይቃለች። በርካታ ስቴቶች በግብይት ብዛት የሚለካውን መስፈርት እየሰረዙት ስለሆነ፣ የቆየ ጽሑፍ አይተው ከመወሰንዎ በፊት የስቴቱን የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይመልከቱ። ወደ ሌላ ስቴት የሚልኩትን ሽያጭ በየስቴቱ ለይተው በየሦስት ወሩ ቢደምሩት ወሰኑ ላይ ሲደርሱ ሳያውቁ አያልፉም።

እንደ አማዞንና ኢትሲ ባሉ የገበያ መድረኮች የሚሸጡ ከሆነ ታክሱን የመሰብሰብና የማስገባት ኃላፊነት በሕግ የመድረኩ ነው፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች የምግብ ማድረሻ አፖችም እንደዚሁ ይታያሉ። ይህ ግን በራስዎ ድረ ገጽ ወይም በሱቅዎ ያከናወኑትን ሽያጭ አይሸፍንም።

ሁለተኛ፦ ከሚሸጡት ውስጥ ታክስ ያለበትንና የሌለበትን ይለዩ

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ሰጥቶ መሥራት ይገባል። መነሻው ደንብ ቀላል ነው፤ የሚዳሰስ ዕቃ ሁሉ በሕግ ነፃ ካልተደረገ በስተቀር ታክስ አለበት፣ አገልግሎት ግን በሕግ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በስተቀር የለበትም። ዝርዝሩ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል።

የምግብ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በቴክሳስ የሚገኝን የሐበሻ ግሮሰሪ ብንወስድ ከመደርደሪያ የሚሸጠው እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና የታሸገ ቡና የቤት ምግብ ስለሆነ ታክስ የለበትም። እዚያው መደርደሪያ አጠገብ ያለው ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ታክስ አለበት። ጀበናው፣ ሲኒው፣ ዕጣኑና የባህል ልብሱም አለበት። በዚያው ሱቅ ጥግ ላይ ትኩስ ወጥ በእንጀራ እየተሸጠ ከሆነ ደግሞ ተዘጋጅቶ የቀረበ ምግብ ስለሆነ ታክስ ይሰበሰብበታል። ስለዚህ አንዱ እንጀራ በፕላስቲክ ታሽጎ ሲሸጥ ነፃ፣ ወጥ ፈስሶበት ሲሸጥ ታክስ ያለበት ይሆናል። ገንዘብ ተቀባዩ ይህን በየጊዜው በቃሉ እንዲያስብ መተው አይቻልም፤ ልዩነቱ ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለበት።

ሌሎች ስቴቶች የራሳቸው መስመር አላቸው። በኒው ዮርክ ሳይቆረጥ የሚሸጥ ቤግል የተባለው ቀለበት መሰል ዳቦ ነፃ ሲሆን፣ ሻጩ ከቆረጠው ወይም ቅቤ ከቀባው ታክስ ይጣልበታል። በዚያው ስቴት ዋጋው ከ110 ዶላር በታች የሆነ ልብስና ጫማ ከስቴቱ የ4 በመቶ ታክስ ነፃ ነው። በካሊፎርኒያ ትኩስ ምግብ ታክስ ሲኖርበት ይዘውት የሚሄዱት ቀዝቃዛ ምግብ በአብዛኛው ነፃ ነው። ይሁን እንጂ ከጠቅላላ ሽያጩ ከ80 በመቶ በላይ ምግብ የሆነና ከምግብ ሽያጩም ከ80 በመቶ በላዩ ታክስ ያለበት ሬስቶራንት፣ ሽያጩን ለይቶ ካልመዘገበ በስተቀር ለሚወሰደው ቀዝቃዛ ምግብም ታክስ መሰብሰብ ይኖርበታል።

አገልግሎት የሚሰጡ ሰዎችም ስለ ሽያጭ ታክስ እኔን አይመለከተኝም ብለው ከመደምደም ሊቆጠቡ ይገባል። የሕንፃ ውስጥ ጽዳት በቴክሳስም በኒው ዮርክም ታክስ ያለበት አገልግሎት ሲሆን፣ የጽዳት ድርጅት ከፍተው ለዓመታት ያለ ታክስ ደረሰኝ የቆረጡ ሰዎች ይህን የሚያውቁት የኦዲት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ነው። በሬስቶራንት ደንበኛው በፈቃዱ የሚሰጠው ጉርሻ ታክስ የለበትም፤ ከሂሳቡ ጋር በግዴታ የሚጨመር የአገልግሎት ክፍያ ግን እንደየስቴቱ ሕግ ታክስ ሊኖርበት ይችላል፤ በተለይም ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለአስተናጋጆች መሰጠቱ ካልተረጋገጠ ታክስ ያለበት ሆኖ ይቆጠራል። የማድረሻ ክፍያም ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ለብቻው መታየት አለበት።

ለራስዎ የሚጠቅመው አሠራር የሚሸጡትን ዕቃና አገልግሎት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ታክስ አለበት ወይም የለበትም ብሎ፣ ያንን ያሉበትን የስቴቱን መመሪያ ቁጥር ማስፈር ነው። አጠራጣሪ የሆነውን ለታክስ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በስልክ የተሰጠ መልስ ኦዲት ሲመጣ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ ሳይሸጡ በፊት ፈቃድ ያውጡ

የንግድ ድርጅት ማቋቋምና የሽያጭ ታክስ ፈቃድ ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የንግድ ድርጅት) ያለው ሰው ሁሉ ታክስ የመሰብሰብ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። በቴክሳስ ፈቃዱን የሚሰጠው ኮምፕትሮለር የተባለው የስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት ሲሆን በነፃ ነው፤ ነገር ግን የዋስትና ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል። በካሊፎርኒያ ሲዲቲኤፍኤ ተብሎ የሚጠራው የታክስ መሥሪያ ቤት ይሰጣል። ኒው ዮርክ ሥራ ከመጀመርዎ ቢያንስ 20 ቀን ቀደም ብለው እንዲያመለክቱ ታዝዛለች፤ ፈቃድ ሳይኖረው ለሚሸጥ ሰው ቅጣቱ ለመጀመሪያው ቀን እስከ 500 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ቀን እስከ 200 ዶላር ሲሆን ጣሪያው 10,000 ዶላር ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ እንደ ዴንቨር ያሉ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ከተሞች ታክሳቸውን ራሳቸው ስለሚሰበስቡ በስቴቱ ከመመዝገብ በተጨማሪ በከተማው መመዝገብ ያስፈልጋል።

ያለ ፈቃድ ታክስ መሰብሰብ በራሱ ሕገ ወጥ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ እስኪመጣ ታክሱን ልሰብስብና ላስቀምጠው የሚለው ሐሳብ አያዋጣም።

አራተኛ፦ ትክክለኛውን የታክስ ልክ ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ ያስገቡ

ገዢው የሚከፍለው የታክስ ልክ፣ ማለትም መቶኛው፣ የስቴቱ፣ የካውንቲው፣ የከተማውና አንዳንድ ጊዜም የልዩ ዞን ታክስ ድምር ነው። በቴክሳስ የስቴቱ 6.25 በመቶ ላይ እስከ 2 በመቶ የአካባቢ ታክስ ተጨምሮ ከ8.25 በመቶ ሳይበልጥ ይሰበሰባል። በኒው ዮርክ ከተማ 4 በመቶ የስቴቱ፣ 4.5 በመቶ የከተማው፣ 0.375 በመቶ ደግሞ የትራንስፖርት ዞኑ ሆኖ ጠቅላላው 8.875 በመቶ ነው። በሱቅ ለሚሸጥ ዕቃ ልኩ የሱቁ አድራሻ ልክ ነው። ተጭኖ ለሚላክ ዕቃ ግን በአብዛኞቹ ስቴቶች የገዢው አድራሻ ሲታይ፣ ቴክሳስን በመሰሉ ጥቂት ስቴቶች በስቴቱ ውስጥ ላለ ሻጭ የራሱ የሻጩ ቦታ ይታያል። የፖስታ ዚፕ ኮድ የታክስ ወሰንን ተከትሎ የተሠመረ ስላልሆነ፣ አንድ ዚፕ ኮድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ልኮች ሊኖሩ ይችላሉ። ሙሉ አድራሻውን አስገብተው በስቴቱ የልክ መፈለጊያ ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

ዋጋው ታክስን ጨምሮ የሚለጠፍ ከሆነ ወይም ሬጅስተሩ ታክሱን ለይቶ የማያሳይ ከሆነ ስሌቱ በጥንቃቄ መሠራት አለበት። ለምሳሌ በቀኑ መጨረሻ ታክስ ካለበት ሽያጭ የተሰበሰበው 1,082.50 ዶላር ቢሆንና ልኩ 8.25 በመቶ ቢሆን፣ ታክሱን ለማግኘት 1,082.50ን በ8.25 በመቶ ማባዛት ስህተት ነው፤ እንዲህ ከተሠራ 89.31 ዶላር ይመጣል። ትክክለኛው 1,082.50ን ለ1.0825 ማካፈል ሲሆን፣ ሽያጩ 1,000 ዶላር፣ ታክሱ 82.50 ዶላር መሆኑ ይታያል። ልዩነቱ በቀን ሰባት ዶላር የማይሞላ ቢሆንም በዓመት ሲደመር ከራስዎ ኪስ የሚወጣ ብዙ ገንዘብ ነው።

በተቃራኒው ታክስ ከሌለበት ዕቃ ላይ በስህተት የተሰበሰበ ታክስ ለነጋዴው ትርፍ አይሆንም። ወይ ለገዢው ይመለሳል፣ ወይ ለስቴቱ ይገባል።

አምስተኛ፦ ታክስ ላልተከፈለበት ሽያጭ ሁሉ ሰርተፍኬት ይያዙ

መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ዕቃ በግዢው ጊዜ ታክስ አይከፈልበትም፤ ታክሱ የሚከፈለው በመጨረሻው ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ከጅምላ ሻጭ ሲገዙ የመልሶ መሸጫ ሰርተፍኬት ሞልተው ይሰጣሉ፤ በኒው ዮርክ ኤስቲ-120፣ በቴክሳስ 01-339፣ በካሊፎርኒያ ሲዲቲኤፍኤ-230 የተባሉት ቅጾች ለዚህ ያገለግላሉ። ሰርተፍኬቱን ተጠቅመው የገዙትን ዕቃ ለራስዎ ወይም ለቤትዎ ካዋሉት ግን ታክሱን ራስዎ መክፈል አለብዎ።

እርስዎ ሻጭ ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ሬስቶራንት ከእርስዎ ዘንድ መቶ እንጀራና አሥር ካርቶን ለስላሳ ገዝቶ «እኔም ነጋዴ ነኝ፣ ታክስ አታስከፍለኝ» ቢልዎ ቃሉ ብቻውን ምንም አያወጣም። የተሞላና የተፈረመ ሰርተፍኬት በእጅዎ ከሌለ ስቴቱ ያንን ታክስ ከእርስዎ ይጠይቃል። ሰርተፍኬቱ የገዢው ስምና አድራሻ፣ የፈቃድ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ቀንና ፊርማ እንዳለው ይመልከቱ፤ ቁጥሩንም በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ አጣርተው የማጣሪያውን ገጽ አትመው ከሰርተፍኬቱ ጋር ያያይዙት። ወዳጅነትና ዝምድና ባለበት ግብይት ወረቀት መጠየቅ እንደ አለመተማመን እየተቆጠረ ብዙ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ወዳጅ ንግዱን ዘግቶ ሌላ ከተማ ሄዶ ሳለ ሰርተፍኬቱን ማግኘት አይቻልም።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲገዙም የስቴቱ ሕግ ይለያያል። በቴክሳስ የሃይማኖት ተቋም ለራሱ ሥራ በራሱ ገንዘብ ሲገዛ የነፃነት ሰርተፍኬት ሰጥቶ ታክስ ሳይከፍል መግዛት ይችላል። ካሊፎርኒያ ግን ለአብያተ ክርስቲያናትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች አጠቃላይ ነፃነት አትሰጥም፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ነጋዴ በቅንነት ታክሱን ቢተወው ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል።

ስድስተኛ፦ የአደራውን ገንዘብ በሌላ የባንክ ሂሳብ ያስቀምጡ

ለሽያጭ ታክስ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ፤ ቢቻል በየቀኑ፣ ካልሆነ በየሳምንቱ ሬጅስተሩ ያሳየውን የታክስ ድምር ወደዚያ ያዛውሩ። የዚህን ሂሳብ ካርድ አይያዙ፣ ቼክም ለሌላ ነገር አይጻፉበት። በዚህ መመሪያ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚፈጽሙ ቢሆን ይህን እንዲፈጽሙ እመክራለሁ።

ምክንያቱ ከባድ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት። ኤልኤልሲ ወይም ኮርፖሬሽን የባለቤቱን የግል ንብረት ከንግድ ዕዳ የሚከላከል ቢሆንም ተሰብስቦ ላልገባ የሽያጭ ታክስ ግን ይህ ከለላ አይሠራም። ስቴቶች ታክሱን የማስገባት ኃላፊነት የነበረበትን ሰው፣ ማለትም ባለቤቱን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ አንዳንድ ጊዜም ቼክ የመፈረም ሥልጣን ያለውን ሸሪክ በግሉ ይጠይቃሉ። የኪሳራ ፍርድ ቤትም ሌሎች ዕዳዎችን ሲሰርዝ ይህን የአደራ ዕዳ አይሰርዘውም። ሰብስቦ ሆን ብሎ ማስቀረት ደግሞ በወንጀል ያስከስሳል። በሽርክና ስማቸውን ብቻ ያስገቡ የቤተሰብ አባላት ይህን ሳያውቁ እንዳይፈርሙ ሊነገራቸው ይገባል።

ሰባተኛ፦ ሽያጭ ባይኖርም በወቅቱ ያሳውቁ

ፈቃዱን ሲያገኙ ስቴቱ በየወሩ፣ በየሦስት ወሩ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያሳውቁ ይመድብዎታል። ቀኑ እንደየስቴቱ ይለያያል። በቴክሳስ ጊዜው ካለቀበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር በ20ኛው ቀን ነው። በኒው ዮርክ የሦስት ወሩ ዘመን ከመጋቢት 1 ጀምሮ ስለሚቆጠር የማሳወቂያ ቀኖቹ ሰኔ 20፣ መስከረም 20፣ ታኅሣሥ 20 እና መጋቢት 20 በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በጥር የሚጀምር ዘመን ነው ብሎ የገመተ ሰው ቀኑ ያልፈዋል።

ቅጹ በአብዛኛው የሚጠይቀው ጠቅላላ ሽያጭን፣ ከታክስ ነፃ የሆነውን ሽያጭና ታክስ የሚጣልበትን ነው። ጠቅላላ ሽያጭ ሲባል ባንክ የገባው ገንዘብ ማለት አይደለም። የምግብ ማድረሻ አፕ የሚያስገባልዎ ገንዘብ ኮሚሽኑ የተቀነሰበት ስለሆነ፣ የአፑን ወርኃዊ ሪፖርት አውጥተው ሙሉውን ሽያጭ ይመዝግቡ፤ መድረኩ ታክሱን የከፈለበትንም ሽያጭ ቅጹ በሚያዝዘው መስመር ለይተው ያሳዩ። ይህ ካልተደረገ ወይ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ፣ ወይ ሽያጭ የደበቁ ይመስላሉ።

ሽያጭ ያልነበረበትን ወርም ዜሮ ብሎ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በቴክሳስ የሚከፈል ታክስ ባይኖርም እንኳ ዘግይቶ የቀረበ እያንዳንዱ ማሳወቂያ 50 ዶላር ያስቀጣል፤ ታክስ ካለ ደግሞ እስከ 30 ቀን ለሚደርስ መዘግየት 5 በመቶ፣ ከዚያ ካለፈ 10 በመቶ ቅጣት አለ። በጭራሽ ያላሳወቀ ሰው ታክሱ በግምት ይወሰንበታል፤ ግምቱም ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። በወቅቱ ለሚያሳውቁ ግን አንዳንድ ስቴቶች ትንሽ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ በቴክሳስ 0.5 በመቶ ነው። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ባይሟላልዎም እንኳ ቅጹን በቀኑ አስገብተው ያለዎትን ይክፈሉ፣ ለቀሪውም የክፍያ ስምምነት ይጠይቁ። ከዝምታ የከፋ አማራጭ የለም።

ስምንተኛ፦ ራስዎ የሚከፍሉትን የመጠቀሚያ ታክስ አይርሱ

ከሌላ ስቴት ሻጭ ያለ ታክስ የገዙት ፍሪጅ፣ ወንበር፣ ኮምፒውተር ወይም ካሽ ሬጅስተር ካለ ታክሱን ለራስዎ ስቴት ራስዎ ይከፍላሉ። የማሳወቂያ ቅጹ ለዚህ የራሱ መስመር አለው። ኦዲተሮች የድርጅቱን ንብረት ዝርዝር ከፌዴራል የታክስ ማስታወቂያ አውጥተው ደረሰኙን አንድ በአንድ ስለሚጠይቁ፣ ይህ መስመር ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ መታየቱ ጥያቄ ያስነሳል።

ዘጠነኛ፦ ኦዲት ነገ እንደሚመጣ አድርገው ይመዝግቡ

የዕለት መዝጊያ ሪፖርቶችን፣ የግዢ ደረሰኞችን፣ ሰርተፍኬቶችን፣ የባንክ መግለጫዎችንና ያሳወቁባቸውን ቅጾች ቢያንስ ለአራት ዓመት ያስቀምጡ። ሬጅስተሩ ውስጥ ያለው መረጃ መሣሪያው ሲቀየር ስለሚጠፋ በየወሩ ሌላ ቦታ ቅጂ ይያዙ። ስቴቶች ወደ ኋላ ሄደው የሚመረምሩበት ጊዜ በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፤ ላላሳወቀ ወይም ላጭበረበረ ሰው ግን በአብዛኛው ገደብ የለም።

በጥሬ ገንዘብ የሚሠራ ሱቅ መዝገቡ የጎደለ ሲሆን ኦዲተሩ ከግዢ ተነሥቶ ሽያጩን ያሰላል። በቴክሳስ ቢራ፣ ወይንና ሲጋራ የሚያከፋፍሉ ጅምላ ሻጮች ለእያንዳንዱ ቸርቻሪ የሸጡትን ለኮምፕትሮለር ያሳውቃሉ። እንበልና አከፋፋዮቹ በዓመት 120,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ እንደሸጡልዎ አሳውቀዋል፤ ኦዲተሩ ከመደርደሪያዎ ዋጋ አይቶ 30 በመቶ ጭማሪ ያስገባል፤ ሽያጩ 156,000 ዶላር ይሆናል። እርስዎ 110,000 ዶላር ብቻ አሳውቀው ከሆነ በ46,000 ዶላሩ ልዩነት ላይ በ8.25 በመቶ 3,795 ዶላር ታክስ ይመጣል፤ ይህም የአንድ ዓመት ብቻ ሲሆን ቅጣትና ወለድ አልተጨመረበትም። የተሰረቀ፣ የተሰበረና ጊዜው አልፎበት የተጣለ ዕቃ ከዚህ ስሌት ሊቀነስልዎ የሚችለው በዕለቱ የተጻፈ መዝገብ ካለዎት ነው። ስለዚህ የተጣለውን የሚመዘግቡበት አንድ ደብተር ከጓዳ ማስቀመጥ ቀላል ሆኖ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የኦዲት ደብዳቤ ከደረሰዎ መልስ የሚሰጡበትን ቀን አያሳልፉ። የተጠየቁትን ብቻ በሥርዓት ያቅርቡ። ናሙና የሚወሰድባቸው ወራት የተለመደ ሽያጭ የነበረባቸው መሆናቸውን አይተው ካልሆኑ በጽሑፍ ይቃወሙ። በውጤቱ ካልተስማሙ ይግባኝ የሚባልበት ቀን አጭር ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ልምድ ያለው አካውንታንት ወይም ጠበቃ በጊዜ ያማክሩ።

አሥረኛ፦ ቀድሞ ያልከፈሉት ካለ ራስዎ ይቅረቡ

ኔክሰስ እንዳለዎት ሳያውቁ ለዓመታት የሸጡ ከሆነ ዛሬ ዝም ብሎ መመዝገብ የቀድሞውን ዕዳ አያጠፋም። አብዛኞቹ ስቴቶች በፈቃድ የማሳወቅ ስምምነት አላቸው። በስምምነቱ መሠረት ስቴቱ ወደ ኋላ የሚያየውን ጊዜ በአብዛኛው በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይገድባል፣ ቅጣቱንም ያነሳል፤ ታክሱና ወለዱ ግን ይከፈላል። ከአንድ በላይ ስቴት ላለበት ሰው መልቲስቴት ታክስ ኮሚሽን የተባለው የስቴቶች የጋራ ተቋም በአንድ ማመልከቻ ያስተናግዳል። ዕድሉ የሚዘጋው ስቴቱ ቀድሞ ደብዳቤ ሲልክልዎ ስለሆነ መመዝገቢያ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ስምምነቱን ይጠይቁ። ሰብስበው ያስቀሩት ታክስ ካለ ግን ስቴቱ በተመሳሳይ ቸርነት አያየውም፤ እሱን ሙሉ በሙሉ ለመክፈል ተዘጋጅተው ይቅረቡ።

አሥራ አንደኛ፦ ንግድ ሲገዙና ሲሸጡ የታክስ ማጣሪያ ይጠይቁ

የሚሠራ ሱቅ ወይም ማደያ የሚገዛ ሰው ከመደርደሪያውና ከፍሪጁ ጋር የሻጩን የሽያጭ ታክስ ዕዳም ሊገዛ ይችላል። በቴክሳስ ገዢው ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከኮምፕትሮለር ሳይጠይቅ ሙሉ ዋጋውን ከከፈለ እስከ ገዛበት ዋጋ ድረስ ይጠየቃል። በኒው ዮርክ ገዢው ኤዩ-196.10 የተባለውን ማስታወቂያ ገንዘቡን ከመክፈሉ ወይም ንግዱን ከመረከቡ፣ ከሁለቱ ከሚቀድመው፣ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ለታክስ መሥሪያ ቤቱ መላክ አለበት። ሻጩ የሚያውቁት ሰው ቢሆንም ስቴቱ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ከዋጋው የተወሰነው በጠበቃ ወይም በኤስክሮ ሂሳብ (ሦስተኛ ወገን በአደራ በሚይዘው ሂሳብ) እንዲቆይ በውሉ ላይ ያስፍሩ። የሻጩ ፈቃድ ለገዢው አይተላለፍም፤ በመጀመሪያው ቀን በራስዎ ስም የወጣ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ሊኖር ይገባል።

ሻጩ እርስዎ ከሆኑ ወይም ንግዱን የሚዘጉ ከሆነ የመጨረሻውን ማሳወቂያ «የመጨረሻ» ብለው ምልክት አድርገው ያስገቡ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያሰርዙ። ለንግዱ ብለው በሰርተፍኬት ገዝተው ለራስዎ ባስቀሩት ዕቃ ላይ ታክስ ይክፈሉ፤ የሚሸጡት ወንበር፣ ፍሪጅና ሬጅስተር ታክስ እንዳለበትም የስቴቱን ሕግ ይመልከቱ። ፈቃዱ ካልተሰረዘ ስቴቱ ማሳወቂያ መጠበቁን ስለማያቆም፣ በተዘጋ ሱቅ ስም በግምት የተወሰነ ታክስና ቅጣት ወደ ቀድሞው አድራሻ መላኩ ይቀጥላል። ስለዚህ አዲሱን አድራሻዎን ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ያስመዝግቡ፣ የመሰረዣውን ደብዳቤም ከአራቱ ዓመት መዝገብ ጋር አብረው ያስቀምጡት።